ግራ የኋላ እግር

ኅዳር 2፣ ሰኞ

የፕሮግራማችን የአፕዴት ሳምንት ገባ። ከዛሬ ጀምሮ የሰው ፊት አይታይም። ዋናው ደግሞ ጠዋት ሰብስቦን፣ "ዋናው ነገር እስከ ረቡዕ ሳምንት ይውጣ" አለ። አለቃችን ነው። "ዋናው ነገር" ሳይል አፉን አይከፍትም፣ ስሙም በዚያው ቀረ።

ለኔ ፕሮግራም ከመጻፉ ሌላ የተለመደው ደረሰኝ፤ ምን ምን እንደተቀየረ ዝርዝር መጻፍ። "ፋይል ቶሎ ይከፍታል። የድመትን መዳፍ ከውሻ መዳፍ በተሻለ ይለያል።" ማን ያነበዋል? "አለቃችን ፀጉሩን ተቆረጠ" ብዬ ብጨምርበት የሚያስተውል ያለ አይመስለኝም።

ማታ ቤት ስገባ ልጄ፣ "እማዬ፣ ሥራሽ ምንድነው?" አለችኝ። እንስሳ በመስታወት ወለል ላይ ይሄዳል፣ ካሜራ ከሥር ይቀርፀዋል፣ የኛ ፕሮግራም የቱ እግር ስንት ጊዜ እንደረገጠና ምን ያህል እንደቆመበት ይቆጥራል፣ አልኳት። "ለምን ራሳቸው አይቆጥሩም?" "እንስሳቱ?" "አይ፣ ሰዎቹ።"

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሳቅነው ሳቅ! አንድ የእንስሳት ሐኪም ደወለ። የሚያክማትን ድመት መኪና ገጭቷት ግራ የኋላ እግሯ ተቆርጧል። በሦስት እግር እንዴት እንደምትሄድ በኛ ፕሮግራም ለካት።

"እህቴ፣ ሰንጠረዣችሁ በግራ የኋላ እግሯ አርባ አንድ ጊዜ ረገጠች ይላል። የሌላትን እግር ከየት አመጣችሁት?"

"ቀኙስ?"

"ዜሮ።"

አጠገቤ የሚቀመጠው ጢሞ (ከተቀጠረ ጀምሮ ጢሙን አልነካውም) ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። "እግር አበቀልንላት እኮ! ዋጋ እንጨምር!" እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሐኪሙን ፋይሉን ላክልኝ አልኩት። የሆነ ነገር ነካክቶ ይሆናል። ነገ አየዋለሁ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ምንም አልነካም።

ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ ለራሴ እንዲገባኝ። ካሜራ ከሥር ሲቀርፅ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ መልሶ መገልበጥ አለበት። አንድ ጊዜ። ድሮ እንደዚያ ነበር። መጋቢት ላይ የፋይል ማንበቢያውን እንደ አዲስ ስጽፈው እዚያም ውስጥ መገልበጫ ጨመርኩ። የድሮውን አላነሳሁትም... ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነገር ደግሞ ያው እንዳልተገለበጠ ነው።

ከዚያስ? አሁን ትዝ አለኝ። አፕዴቱ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ስክሪኑ ላይ ግራው ቀኝ ሆኖ አየሁት። እና ስክሪኑን አስተካከልኩ። ያየሁትን ብቻ። ሰንጠረዡን ከፍቼ አላየሁም።

ስምንት ወር ሙሉ ስክሪኑ ትክክል ነው፣ ሰንጠረዡ ግን ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ይላል። ሰው ስክሪኑን አይቶ ያምናል፣ ሰንጠረዡን ይዞ ይሄዳል። አራት እግር ያለው እንስሳ ላይ ማን ያስተውላል? ሁሉም እግር ይረግጣል።

የፕሮግራሙ መስመር አጠገብ፣ ማን እንደጻፈው በሚመዘገብበት፣ ስሜ አለ። ቀኑም። መጋቢት 19። ክው አልኩ። ጢሞ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "ራሴን አመመኝ" አልኩት።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ለዋናው ነገርኩት። በሩን ዘግቼ። ተቀመጪ ቢለኝም አልተቀመጥኩም።

"ዋናው ነገር አትደንግጪ። ስንት ሰው ነው ካሜራውን ከሥር የሚያደርገው?"

"እንጃ። ግማሹ ይሆናል፤ የቀረው ከላይ ነው የሚቀርፀው።"

"በስምንት ወር አንድ ሰው ጠየቀን። እሱም በድመት።"

"ስላላስተዋሉ ነው እንጂ..."

"አስተካክዪውና በዚህኛው አፕዴት ይውጣ። ዝርዝሩ ላይ 'ጥቃቅን ማስተካከያዎች ተደርገዋል' በይ። አለቀ።"

"እስከዛሬ የለኩትስ?"

"አንቺ ልጅ፣ በገዛ እጅሽ እሳት ልትጭሪ ነው?"

ምን ተሰማኝ? እፎይታ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደብተሩ የኔ ነው። ሸክሙን የወሰደልኝ መሰለኝ። መስመሩን አርሜ ለመጨረስ አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስምንት ወር የኖረ ጥፋት... አስር ደቂቃ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ዶክተሯ ደወለች። ከደንበኞቻችን ሁሉ እሷን አብልጬ ነው የምወዳት። የነርቭ ሐኪም ናት፤ ነርቫቸው የተጎዳ አይጦች ላይ አዲስ መድኃኒት ትሞክራለች። ሁልጊዜ "የኔ እመቤት" ብላ ነው የምትጀምረው። አንድ ሥዕል ለኅትመት እንዴት እንደሚወጣ ልትጠይቀኝ ኖሯል።

"የኔ እመቤት፣ አይጦቼ ዳኑ እኮ! ያልታከሙትን የካቲት ላይ ስለካቸው በግራ የኋላ እግራቸው መቆም አቅቷቸው ነበር። የታከሙትን ሰኔ ላይ ለካኋቸው፤ እንደ ጤነኛ ይቆሙበታል!"

የካቲት በድሮው። ሰኔ በአዲሱ።

"ካሜራው... ከሥር ነው አይደል?"

"ታዲያ ከየት ይሆናል?" ሳቀች።

"በዓይን ሲታዩስ፣ ዶክተር?"

"ትንሽ የሚያነክሱ ይመስለኛል። ግን እኔ ዓይኔን ማመን ከተውኩ ቆየሁ። ቁጥሩን ነው የማምነው። የናንተን ቁጥር።"

ከዚያ ስለ መጀመሪያዋ ታካሚ ነገረችኝ። ልብስ ሰፊ ናት። ግራ እግሯ አልታዘዝ ካላት አራት ዓመት ሆኗታል፤ የስፌት መኪናዋን በአንድ እግሯ ነው የምትነዳው። ፈቃዱ ሁሉ ወጥቷል። ኅዳር 20 ጭኗን ከፍተው መድኃኒቱን ነርቩ ላይ ያደርጉላታል። "ስነግራት አቅፋ አልለቅም አለችኝ።"

እኔስ ምን አልኩ? "እንኳን ደስ አለዎት፣ ዶክተር።"

በዚህ አፌ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ልጄ ጫማዋን አገላብጣ አድርጋ መጣች። "ግራሽን አታውቂም?!" ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። ባሌ ከማዕድ ቤት ብቅ ብሎ አየኝና ተመለሰ። ልጅቷ ሁለቱንም አውልቃ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ የቱን በየቱ እንደምታደርግ ጠፍቷት ፈራች። በኋላ አቅፌ ይቅርታ ጠየቅኋት። "አሞሻል?" አለችኝ።

ምሳ አልበላሁም። እራትም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ምናልባት ሰኔ ላይም በድሮው ይሆናል የለካችው። አፕዴት ማድረግ አትወድም... ፈጣሪዬ፣ በድሮው ይሁን።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

በድሮው አይደለም።

ሐምሌ ላይ ለሌላ ጉዳይ የላከችልኝ ፋይሎች ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበሩ። የታከሙት አስራ ሁለት አይጦች። ባረምኩት ፕሮግራም እንደገና አስቆጠርኳቸው። ዳነ የተባለው ግራ እግር ቀኙ ነው። ጤነኛው። ድሮም ያልታመመው! ዶክተሯ የምታወዳድረው ግራውን ብቻ ስለሆነ የቀኙን ቁጥር ያየው የለም። የታመመው እግር ካልታከሙት ጋር አንድ ነው። መድኃኒቱ ምንም አላደረገም።

ሦስት ጊዜ አስቆጠርኩ። ሦስቱም ያው።

ለጢሞ አሳየሁት። ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ራሱ ጠረጴዛ አዞረና፣ "እኔ ምንም አላየሁም" አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ሁለት ልጆች አሉት፣ ሚስቱም ሥራ የላትም። አልፈርድበትም... ትንሽ እፈርድበታለሁ።

ዋናው ጋ ተመልሼ ገባሁ። ስለ ልብስ ሰፊዋ ነገርኩት።

"ዋናው ነገር እኛ ሐኪም አይደለንም። ሰውነት የሚከፍት ሰው ራሱ ማጣራት አለበት።"

"በኛ ቁጥር ነው የምትከፍታት።"

"በኛ?" አለ፣ ለስለስ ብሎ። "መስመሩ ላይ ያለው የማን ስም ነው?"

ወጣሁ። ጆሮዬ እንደ እሳት ይግላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥፋቴ ሊታወቅብኝ ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

አፕዴቱ ወጣ። ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ። "ጥቃቅን ማስተካከያዎች ተደርገዋል" ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ፣ "የፊደል መጠን ተስተካክሏል" ከሚለው በታች። ዋናው ኬክ አስመጣ። በላሁ። አፈር አፈር አለኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዶክተሯ አፕዴቱን አላወረደችም። ከኛ በኩል ይታያል። ብታወርደውስ? የሰኔውን እንደገና አስቁጥሪ ያላት የለም።

ስምንት ቀን ቀረ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ባሌ ያዘኝ። ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሶ ተመለሰና ከነሥራ ልብሱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሲቀመጥ ኪሱ ውስጥ ያለው ብሎን ሁሉ ይንኳኳል።

"ሌላ ሰው ወደድሽ?"

በዚህ ሁሉ መሃል ሳቄ መጣ። ከዚያ ለቅሶው። ሁሉንም ነገርኩት።

"እኔ ሊፍት ከተጠራጠርኩ መጀመሪያ አቆመዋለሁ። 'አትጠቀሙ' የሚል ወረቀት በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ሰዉ ደረጃ እየወጣ ይሰድበኛል። ዕቃ የምፈታው ከዚያ በኋላ ነው።"

"አንተው ራስህ የገጠምከው ሊፍት ቢሆንስ?"

"ያኔማ እየሮጥኩ ነው የምለጥፈው።"

ለሱ ቀላል ነው። ለኔስ? ምኑን ነው የምፈራው፣ እስቲ ልጻፈው። መባረሩን? እሱንም። ግን ከሱ በላይ የዶክተሯን ዝምታ። "የኔ እመቤት" ብላኝ፣ ነግሬያት፣ ከዚያ ዝም ስትል... እሱን ነው የምፈራው። እና ደግሞ "እስካሁን የት ነበርሽ?" የሚለውን። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ይኼ ጥያቄ ይከብዳል። ስለከበደ አንድ ቀን አሳልፋለሁ። እንዲህ ሆኜ እዚህ ደረስኩ።

ሰኞ እነግራታለሁ። አራት ቀን ይቀረኛል፤ ይበቃል።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ኢሜይል ጻፍኩ። አጠፋሁ። ጻፍኩ። "ትንሽ ልዩነት ሳይኖር አይቀርም" ይላል የመጨረሻው። ትንሽ! ዋናውን ሆኜ ቁጭ አልኩ። አጠፋሁት።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ከሰዓት በኋላ ስልኩን ሳነሳ እሷ ቀደመችኝ።

"የኔ እመቤት፣ ምሥራች! የቀዶ ጥገና ክፍል ተገኘልን፣ ቀኑን አቀረብነው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት!"

"ዶክተር፣ አንድ ነገር..."

"አሁን ወደ ታካሚዋ እየገባሁ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደውዪልኝ፣ እሺ?"

ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ። አታነሳም። ሰባት ጊዜ ደወልኩ። "እባክዎ በአስቸኳይ ይደውሉልኝ" ብዬ መልእክት ላክሁ። ለምን ነገሩን ራሱን አልጻፍኩትም? ስልኩ እጄ ላይ ነበር እኮ! ጣቴ እሺ አላለኝም።

አራት ቀን ይበቃል ብዬ ነበር።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ሆስፒታሉ በር ላይ ነበርኩ። ዘበኛው "የጥየቃ ሰዓት አይደለም" አለኝ። ላፕቶፑን አሳይቼ፣ "ዶክተሯ አምጪ ብላኝ ነው" አልኩ። ዋሸሁ። ደረጃውን ወጣሁ።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ልብሷን ለብሳ አገኘኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በአካል ያየኋት፤ እንደ ድምጿ ሳይሆን ትንሽዬ ሴት ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ በራ። ልትስመኝ መጣች።

"ዶክተር፣ አይጦቹ አልዳኑም።"

እንዲህ ነው የጀመርኩት። መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አደረግሁላት። የሰኔውን ሰንጠረዥ፣ አጠገቡ ደግሞ ቪዲዮውን። አይጧ ትሄዳለች፣ ግራ የኋላ እግሯ ይጎተታል፤ ሰንጠረዡ ግን ግራው ጤነኛ ነው ይላል። መልሳ አየችው። ሌላዋን አየች። ሦስተኛዋን።

"ሲጎተት አይቼዋለሁ" አለች። "በየቀኑ አየው ነበር። ዓይኔን ነው የተጠራጠርኩት።"

የፈራሁት ዝምታ መጣ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። አንዲት ሴት አልጋ ላይ ተቀምጣ ከነርሷ ጋር ትሳሳቃለች። አንድ ነገር ተናገረችና ነርሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዶክተሯም እያየቻት ነው።

"ማን ነው የሚነግራት?" አልኩ።

"እኔ ነኛ። እኔ አይደለሁ ትሄጃለሽ ያልኳት?" ተነሳች። "አንቺ ሂጂ።"

የኔ እመቤት አላለችኝም። መቼ እንዳወቅሁም አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። ደረጃው ግማሽ ላይ ስደርስ ከላይ ሳቁ ቆመ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ቢሮ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ለሁሉም ተጠቃሚዎች ላክሁ። ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሰው። ማንንም አላስፈቀድኩም።

"ከመጋቢት 19 ጀምሮ ካሜራውን ከሥር አድርጋችሁ የለካችሁት ሁሉ ሰንጠረዡ ላይ ግራና ቀኙ ተለዋውጧል። በዚያ ቁጥር የወሰናችሁት ነገር ካለ እባካችሁ አቁሙት፤ በአዲሱ አፕዴት እንደገና አስቆጥሩ። ስህተቱ የኔ ነው።" ከሥሩ ሙሉ ስሜ።

ዋናው ከክፍሉ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ዋናው ነገር..." አለና መጨረስ አቃተው። እስክጠራሽ ቤትሽ ቆዪ አለኝ፣ የበሩንም ካርድ ተቀበለኝ። ጢሞ ዕቃዬን እስከ ታች ተሸከመልኝ። ደህና ሁኚ ሊል አፉን ከፈተና ጢሙን አሸት አሸት አድርጎ ተመለሰ።

መልሶቹ በስልኬ እየገቡ ነው። አንዱ ይሰድበኛል፣ የሁለት ዓመት ሥራዬን ገደልሽው ይላል። የድመቷ ሐኪም፣ "እኔም አሁን አቅሌ ተመለሰልኝ" ብሏል። የቀሩትን ለመክፈት እፈራለሁ። ግን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

"የኮምፒውተሯ ልጅ ነሽ?"

"ነኝ። ማን ልበል?"

"እግሯ ሊከፈት የነበረው።"

ወፍራም ድምፅ ነው። ከድምጿ ጋር የስፌት መኪናዋ ይሰማል፤ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል።

"ከዶክተሯ ነው ቁጥርሽን የተቀበልኩት። እሷ ስታለቅስ እኔ ሳባብል ነው የዋልኩት፣ የኔ ነገር! አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መቼ ነው ያወቅሽው?"

ሁለት ሳምንት ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ። ሰኞ ማታ ማለት እችል ነበር። ሰኞ አውቄ ማክሰኞ ጠዋት ሮጥኩ፣ ደረስኩ... ማን ያጣራል? አመስግና ትዘጋው ነበር።

"ስህተት መኖሩን ኅዳር አራት አወቅሁ። መድኃኒቱ እንደማይሠራ ደግሞ ኅዳር ዘጠኝ። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።"

መኪናው ቆመ።

"ዘጠኝ..." አለች። "ኅዳር አስር ምርኩዜን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብዬ። መርቃኝ ነው የተቀበለችኝ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ይቅርታውን ተይው። አሁን እኔ እቤት ውስጥ ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው። አዲስ ግዢ ይሉኛል። አዲስ አልፈልግም፣ እሱ የእጄን ልክ ያውቃል። ግን የሰጠሁትን መልሺልኝ ብዬ እንዴት ደጇ እቆማለሁ?"

"እኔ እጠይቅልዎታለሁ።"

"አዎ። አንቺ ነሽ የምትጠይቂው።" ቤቷን ነገረችኝና ዘጋችው። ደህና ዋይ አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የልብስ ሰፊዋ መስኮት ክፍት ነው፤ ከውስጥ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፣ ቀና ብዬ ግን አላየሁም። ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኳሁ። ቆየ። ከውስጥ ኳ... ኳ... እያለ አንድ ነገር ቀረበ። በሩን የከፈቱት ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት ናቸው። ምርኩዙን ይዘውታል። ይዘውታል ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ሰውነታቸውን ጥለውበታል።

"ማንን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?"

ጆሮዬ ጋለ። መዞር፣ ቤት ተሳሳትኩ ማለት እችል ነበር። አሮጊቷ ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። ስሜን ሳልናገር፣ እንዴት ዋሉ እንኳ ሳልል፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ" አልኳቸው፤ "ቁጭ ይበሉና ከመጀመሪያው ልንገርዎት።"